የጋሽ ዘከሪያ መንትያ ቱቦ

ጋሽ ዘከሪያ ማረፋቸውን የሰማሁት እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመግባቴ በፊት ስልኬን ስለምዘጋ መልእክቱ ከሌሊት ጀምሮ ሲጠብቀኝ ቆይቷል። «ሽማግሌው አርፈዋል፤ በጠዋት ይቀበራሉ» ይላል። ሰዓቱን አየሁ። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ እኔ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ስል እሳቸው አፈር ለብሰው ነበር። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ፣ ባጃጆቹ እየጮሁብኝ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ቆሜ ቀረሁ። እንባ እንኳ አልመጣልኝም። የመጣብኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ልነግራቸው እያሰብኩ ያልነገርኳቸው ነገር ነው። እንግዲህ የሚነገረው ሰው የለም።

እኔ የሐረር ሰው አይደለሁም። አገሬ ጎጃም ነው። የሬዲዮ ጥገና ባለሙያ ተብዬ ተመድቤ ስመጣ አንድ ሻንጣና አንድ መዝሙረ ዳዊት ይዤ ነበር። አውቶቡስ ተራ የተቀበሉኝ ጋሽ ዘከሪያ ናቸው። አጭር፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ መፍቻ የሚሰኩ ሰው ነበሩ። ሻንጣዬን ተቀብለው፣

«ከጎጃም ነው ያሉኝ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ያን ሁሉ አገር አቋርጠሽ! ምን አጥፍተሽ ነው ወደ እኛ የላኩሽ?»

ከልባቸው የጠየቁኝ መስሎኝ ምንም አላጠፋሁም ብዬ ማልኩ። መማል ኃጢአት መሆኑን ያስታወስኩት ከማልኩ በኋላ ነው። እሳቸው ደግሞ ይህን ለዓመታት ለሰው ሁሉ ያወሩት ነበር፤ «ይቺ ልጅ ሐረር የገባችው በመሐላ ነው» እያሉ።

የምንሠራው ሐኪም ጋራ ላይ ነው። አንድ ክፍል ቤት፣ አንድ ረጅም ማማ፣ ማማው ላይ ዲሾች። ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ተራራው ወርዶ ወርዶ ቆላው ይታያል። ጋሽ ዘከሪያ የጁገል ተወላጅ ስለሆኑ ቤታቸው በአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ ነው፤ ጋራው ግን ከቤታቸው ይልቅ ቤታቸው ነበር። ማዳመጥ ሲፈልጉ ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሱና ግራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጣት ካነሱ እንኳን እኛ ዘበኛውም ጸጥ ይላል። «አልሰማሁም» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «ድገሚልኝ» ነው የሚሉት።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር አሁንም በቃላቸው ነው የሚታወሰኝ።

«ፀዱ፣ አንቺ በኃይል እየጮህሽ፣ ከዚያ ማዶ የሚያንሾካሹክልሽን ሰው መስማት ትችያለሽ?»

«እንዴት እችላለሁ?»

«ይኼ ይችላል።»

ያሳዩኝ ከነሐስ የተሠራ፣ ክንድ የሚያህል ዕቃ ነበር። ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት አራት ማዕዘን ቱቦዎች ናቸው፤ መካከላቸው ያለውን ግድግዳ ይጋራሉ። እኛ መንትያው ቱቦ ነበር የምንለው። የሬዲዮ ሞገድ በሽቦ ፋንታ በቱቦ ውስጥ እንደ ውኃ የሚሄድበት አሠራር አለ፤ ይህ ያ ነው። የእኛ ማሠራጫ ድምፁን በአንደኛው ቱቦ ወደ ዲሹ ይልካል። ከማዶ የሚመጣውም በዚያው ዲሽ ነው የሚገባው። የእኛ ጩኸት ነው፤ የማዶው ከረጅም መንገድ በኋላ የደረሰ ሹክሹክታ ነው። የእኛ ጩኸት ወደ መቀበያችን ከገባ መቀበያው ይደነቁራል።

«እና ማን ነው የሚለያቸው?» አልኳቸው።

«ቀዳዳዎቹ።»

በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ሰባት ቀዳዳዎች አሉ። ከዳር ያሉት ትንንሽ፣ ወደ መሐል ያሉት ተለቅ ያሉ። ከእኛ የሚወጣው ሞገድ በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ ወደ ሁለተኛው ቱቦ ይሾልካል። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት ግን ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ፣ ሾልኮ ወደ መቀበያው በኩል የሚመለሰው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ከዲሹ ተመልሶ የሚመጣው ደግሞ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ስለሆነ በእነዚያው ቀዳዳዎች ሲያልፍ ይደጋገፋል፤ ተሰብስቦም ወደ መቀበያው ይገባል። በዚያው በር የሚወጣው ይጠፋል፣ የሚመጣው ይሰማል።

«ሱብሃነላህ አትይም?» አሉኝ።

«ዕፁብ ድንቅ እላለሁ።»

«እሱም ይሆናል።»

አዲሶቹ ሬዲዮኖች ይህን ሁሉ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ይዘውት ይመጣሉ፤ ማንም አያየውም። መንትያው ቱቦ የቀረው በአንድ አሮጌ መስመር ላይ ብቻ ነበር። መስመሩ ቆላ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ጋር ያገናኘናል። ቦታው ከተራራ ጀርባ ስለሆነ የእጅ ስልክ አይሠራም። በዚያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና የምትሠራው ደግሞ የጋሽ ዘከሪያ ልጅ ረውዳ ናት። ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ባለቤታቸውም ቀደም ብለው አርፈዋል።

በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መስመሩ ይፈተሻል። ከዚህ እሳቸው ከአንድ እስከ ዐሥር ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ረውዳ ከዐሥር ወደ አንድ ትቆጥራለች። የፍተሻው ደንብ ነው። ከቆጠሩ በኋላ ያለው ግን ደንብ አይደለም።

«ምሳ በላሽ?»

«አባ፣ ይኼ የመንግሥት መስመር ነው።»

«መንግሥት ምሳ አይበላም?»

እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እሰማለሁ። እናቴን በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የማገኛት፤ ለመደወል ዳገት ወጥታ መቆም ነበረባት። ስለዚህ የስድስት ሰዓቱን ወግ እንደ ራሴ እወደው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የእነሱ ረመዳንና የእኛ ሁዳዴ ገጥመው ነበር። ሁለታችንም ጾመን ጋራው ላይ እንውላለን። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮዬን ስከፍት ጋሽ ዘከሪያ አፍንጫቸውን በኮፍያቸው ይሸፍናሉ።

«ይኼን ነው ጾም የምትይው? በጠራራ ፀሐይ እየበላሽ?»

«እርስዎስ ማታ ሥጋ ይበሉ የለም እንዴ?»

«ሥጋውን የሚበላው ሆዴ ነው፤ የጾምኩት እኔ ነኝ።»

በዚያው ጾም አጋማሽ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተነሥቶ ከማማው የወደቀ ብረት መንትያውን ቱቦ መታው። ጎኑ ተሰነጠቀ፤ መስመሩ ጸጥ አለ። ኃላፊያችን መጥተው አዩትና መለዋወጫ እንደሌለ፣ ድርጅቱም ይህን ዓይነት መሥራት ካቆመ እንደቆየ ነገሩን። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሠራ መስመሩ ከዝርዝር ይሰረዛል፤ ጤና ጣቢያው በመኪና ይላላክ አሉ። የጤና ጣቢያው መኪና ከቆመ ዓመት አልፎታል። ይህን ጋሽ ዘከሪያ ነገሯቸው። ኃላፊው አንገታቸውን ነቅንቀው ወረዱ።

«እንሠራዋለን» አሉኝ ጋሽ ዘከሪያ። «በያጅ ጋ አንወስደውም፤ በያጅ ያቃጥለዋል። በዚህ ከተማ እሳትን በልክ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው።»

ያ ሰው አው ሙሜ ናቸው፤ «አው» በሐረሪዎች ዘንድ ጋሽ እንደማለት ነው። ሱቃቸው ከኤረር በር ገባ ብሎ ባለ አንድ ቀጭን መንገድ ላይ ነው። የሙሽራ አምባርና የአንገት ጌጥ የሚሠሩ አንጥረኛ ሲሆኑ፣ ከጋሽ ዘከሪያ ጋር ቁርኣን አብረው የተማሩ አብሮ አደግ ናቸው። ቱቦውን ተቀብለው እንደ ሕፃን አገላበጡት።

«ዘከሪያ፣ ይኼ ምንድን ነው? ጡሩምባ ነው?»

«ጆሮ ነው።»

«የማን ጆሮ?»

«የኔ። የረውዳ አባት ጆሮ።»

«እንግዲያማ ዛሬ አይደለም የተበላሸው! ልጅ ሆነህም አትሰማም ነበር እኮ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ወላሂ፣ የኔ ልጅ፣ መምህራችን ሲጠራው የሚሰማው በሦስተኛው ነው።»

«ስንጥቁን ነው ሙሜ። ስንጥቁን ዝጋልኝ። ቅርጹ በፀጉር እንኳ እንዳይዛነፍ።»

«ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

«እኔ ማን ነኝና።»

«በል ሂድ። ሐሙስ ና።»

ስንወጣ እኔ ጥንቁቅ ነኝና ከነከነኝ። «ስለ ቀዳዳዎቹ ምንም አላሏቸውም እኮ» አልኳቸው።

«ምን ልበለው? የተሰነጠቀውን ዝጋ አልኩት፤ ይዘጋል። ለአንጥረኛ ይኼን አድርግ፣ ይኼን ተው ማለት ስድብ ነው፣ ፀዱ። እዚህ አገር እንደዚያ አይደረግም።»

ሐሙስ ስንሄድ ቱቦው በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አው ሙሜ ፊታቸው በርቷል። ጾም የዋለ ሰው አይመስሉም።

«ከነገርከኝ በላይ ነው የሠራሁልህ» አሉ። «እሱን ለአላህ ብዬ ነው። ለረውዳ ብዬ።»

«ጀዛከላህ ወንድሜ።»

እኔ ጨርቁን ልፈታ እጄን ስዘረጋ ጋሽ ዘከሪያ ክርኔን ያዙኝ። ውጭ ከወጣን በኋላ፣ «በሠሪው ፊት ፈትቶ ማየት ነውር ነው፤ አላምንህም እንደማለት ነው» አሉኝ። ጋራው ላይ ስንፈታው በብር የተበየደው ስንጥቅ የት እንደነበር በጣት እንኳ አይለይም ነበር። «ማሻአላህ» አሉ፣ ደጋግመው። የቱቦው ጫፎች የታጠፉ ስለሆኑ ውስጡ አይታይም። ውስጡን ለማየት ያሰበም አልነበረም።

ገጠምነው። ማሠራጫው በሚገባ ይልካል፤ መለኪያው ይናገራል። መቀበያው ግን ምንም አይሰማም። ሹሹታ ብቻ። መቀበያውን ፈታን፣ ገጠምን። ማገናኛውን ለወጥን። ዲሹን በጥቂቱ አዞርን። ምንም። እኔ ከማዶው ዕቃ ይሆናል አልኩ፤ እሳቸውም ተስማሙ። ቆላ ወርዶ ለማየት መኪና ጠየቅን። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ተባልን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቱቦው ይሆን?» አልኳቸው። «የሙሜ እጅ?» አሉኝ። ሁለተኛ አላነሳሁትም።

ሦስት ቀን ሙሉ ስድስት ሰዓት ሲሆን ተቀምጠው ቆጠሩ። ከቆጠሩ በኋላ ይጠብቃሉ። ከዚያ፣ «ረውዳ፣ አልሰማሁሽም» ይላሉ፤ ያን የማይወዱትን ቃል። «ምናልባት አንቺ ትሰሚኝ ይሆናል። አይዞሽ። እየሞከርን ነው።»

በአራተኛው ቀን ኃላፊያችን ጠዋት ደውለው መኪናው ከሰዓት በኋላ ይሰጣችኋል አሉ። ጋሽ ዘከሪያ የዕቃ ሣጥናቸውን ከበሩ ላይ አስቀመጡ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ቆጠሩ። ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ከንፈራቸው በጾም ተሰነጣጥቋል። ድንገት ጣታቸው ተነሣ።

«ጸጥ በይ!»

እኔ አልተናገርኩም ነበር።

«ትሰሚያለሽ? እየቆጠረች ነው! ልጄ እየቆጠረች ነው!»

አዳመጥኩ። ሹሹታው አለ። ከሹሹታው ሥር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል አለ። የመቀበያው ማቀዝቀዣ ነው። አንድ ክንፉ የተሰበረ አሮጌ ማራገቢያ ነው፤ በፊተኛው ሳምንት ዘይት የቀባሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከሺህ ድምፅ መካከል እለየዋለሁ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። የጨፈኑት ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እሰማለሁ እንዳልል ውሸት ነው። አልሰማም እንዳልል ፊታቸውን አየሁት። ጥንቁቅ ሴት ነኝ፤ ሁለቱንም አላልኩም። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው እንደ አዎ ወሰዱት።

«ሰማሁሽ ልጄ!» ብለው ጮኹ። «ሰማሁሽ! እሺ፣ እሺ! መኪናው ዛሬ ይመጣል። ዛሬ ከሰዓት፣ ኢንሻአላህ! አይዞሽ!»

መኪናው በዚያ ቀን አልመጣም። እንግዶች ይዞ ድሬዳዋ ወርዷል ተባለ። የሄድነው በማግሥቱ ነው።

የጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከግራር ጥላ ሥር ወንዶች ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ለሰላምታ አልተነሡም። ግድግዳው ላይ አንድ ቃሬዛ ተደግፎ ቆሟል፤ ገመዱ አዲስ ነው። ረውዳ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷን ሳይሆን ከአባቷ ኋላ መኪናውን አየች፤ ማን እንደሚወርድ እየጠበቀች። ከእኔ በቀር የወረደ የለም።

«ትናንት ነው እኮ ያልኩህ፣ አባ» አለች። አልጮኸችም።

ጋሽ ዘከሪያ የዕቃ ሣጥኑን እንደያዙ ቆሙ። «ምን አልሽኝ?»

«መኪና ላክ አልኩህ። ምጥ የያዛት ሴት አለችኝ፣ ደም አልቆም አላት አልኩህ። ከጠዋት ጀምሬ ብትሰማም ባትሰማም እያልኩ ስጮህ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሰማሁሽ አልከኝ።»

እሳቸው ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«መኪናው ዛሬ ይመጣል አልከኝ። ወንዶቹ ተሸክመዋት ሊነሡ ነበር። አስፋልቱ ድረስ ቢያደርሷት የሚያልፍ አይጠፋም ነበር። ቆዩ፣ መንገድ ላይ እንዳትሞትባችሁ፣ አባቴ ሰምቶኛል ብዬ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ሲመሽ እናትም ልጅም ሄዱ።»

«አልሰማሁሽም ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ሰማሁሽ አልከኝ?»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ዘከሪያ ዞረው አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ይህች ምስክሬ ናት ሊሉ ይችሉ ነበር። እሷም ሰምታለች፣ አንገቷን ነቅንቃልኛለች ሊሉ ይችሉ ነበር። እኔ የመኪናውን ጎማ አየሁ። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ፤ ስሜን አላነሱም። የሟቿ ባል ይሁን ወንድሟ፣ ከወንዶቹ አንዱ ተነሥቶ ለጋሽ ዘከሪያ በርጩማ ሰጣቸው። አልተቀመጡም።

የረውዳን ዕቃ ፈተሽን። እንከን አልነበረበትም። የእሳቸውን ድምፅ ጥርት አድርጎ ሲቀበል ነው የከረመው።

ሐረር እንደተመለስን ጋሽ ዘከሪያ ጋራው ወጥተው ቱቦውን ከቦታው ነቀሉት። አው ሙሜ ለብየዳ ፈትተው መልሰው የገጠሙትን አንዱን ጎን በእርጋታ ከፈቱት። የመካከሉ ግድግዳ እንደ መስታወት ሆኗል። ሰባቱም ቀዳዳዎች በብር ተደፍነዋል። እንዴት ያለ ሥራ ነው! እያንዳንዷ ክብ ልክ እንደ ትንሽ ጨረቃ በነሐሱ ላይ ታበራለች፤ ጣቴን ባስኬድበት መገጣጠሚያው አይታወቅም። አንጥረኛው ስንጥቁን ሲዘጉ፣ መጠናቸው እኩል ያልሆነ ቀዳዳዎች አይተው ዝገት የበላው መስሏቸዋል። ቀዳዳ ያለው ዕቃ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ለአላህ ብለው ደፈኑት። የሚወጣው ወጣ፤ የሚመጣው መሻገሪያ አጣ።

«እንብሳው?» አልኩ። የምለው ጠፍቶኝ ነው።

«ልኩ የነበረው ቀዳዳው ላይ ነው። ቀዳዳው የለም» አሉኝ።

የጻፉትን ሪፖርት ወደ ኃላፊያችን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሦስት መስመር ነው። ሥራውን ሳልፈትሽ ገጠምኩ፤ ያልሰማሁትን ሰማሁ አልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የአው ሙሜ ስም የለበትም። የእኔም የለበትም። መስመሩ በወሩ መጨረሻ ተሰረዘ። ጋሽ ዘከሪያም ጡረታቸው ቀርቦ ነበርና ከዒድ በኋላ አልተመለሱም። ረውዳ ተዛውራ ሌላ አገር ሄደች። ለአባቷ አልደወለችም፤ ሲደውሉላትም አታነሣም።

እኔ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱን ጨረስኩ። ነገሩ ግን አላለቀም።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ከሰዓት ልጠይቃቸው እሄድ ነበር። ብዙ ጊዜ የማገኛቸው ከጁምዓ መልስ አው ሙሜ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በራሳቸው ቋንቋ ሲጫወቱ ይቆዩና እኔ ስመጣ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። አው ሙሜ እኔን ሲያዩ ሁልጊዜ የሚያስታውሱት ቱቦውን ነው።

«የጋራዋ ልጅ! የኔ ሥራ እንዴት ነው? ይሠራል?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሽ ዘከሪያ ይቀድሙኛል። «ይሠራል ሙሜ። እየሠራ ነው።»

«አላልኩህም? እኔ የዘጋሁት ነገር ይከፈታል?»

«አይከፈትም።»

አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው ለምን እንደማይነግሯቸው ጠየቅኳቸው። ጥቂት ሄዱ። የጁገል መንገድ ጠባብ ስለሆነ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ፤ ፊታቸውን አላየሁም።

«እሳት ላይ ነው ዕድሜውን የጨረሰው» አሉኝ። «ብነግረው ነገ መዶሻውን ያስቀምጣል። የሞተችው ትነሣለች?»

በዚያች ደቂቃ ልነግራቸው ነበር። ጋሽ ዘከሪያ፣ ማራገቢያው መሆኑን አውቄ ነበር፤ በአንድ ቃል ልመልስዎ እችል ነበር ልል ነበር። ቤታቸው ደረስን። «ደህና ዋዪ» አሉኝ፤ ገቡ። እንዲህ ብዙ ዓርቦች አለፉ።

ያለፈው ወር ሲደክሙ አስጠሩኝ። ነደባ በሚሉት ምንጣፍ የለበሰ መደብ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ቱቦውን በዚያው በአረንጓዴው ጨርቅ ጠቅልለው ከትራሳቸው ሥር አወጡ። «አንቺ ጋ ይቀመጥ። ሙሜ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ እዚህ ያየዋል» አሉኝ። ድምፃቸው አልቆ ነበር። እኔም ዛሬ ይደክማቸዋል፣ ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ አልኩ።

እንግዲህ ያን እሑድ ቤቴ ሄጄ ቱቦውን ይዤ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። ረውዳ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው አሉ። ከስታለች። ሰው ቀለል ሲል ወደ ጓዳው ጠራችኝ፤ እኔም የያዝኩትን ፈትቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ሰባቱን የብር ክቦች አሳየኋት። አው ሙሜ ምን እንዳደረጉ፣ አባቷ ለምን እንዳልፈተሹ ነገርኳት። ከዚያ ለእሳቸው ያልነገርኩትን ነገርኳት። ማራገቢያውን። አንገቴን።

ቱቦውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እሱ የምር የሰማኝ መስሎት ነበር?» አለችኝ።

«የምር።»

«እኔ ሊያጽናናኝ የዋሸኝ መስሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት፣ ውሸታም ነው ብዬ።» እጇን በተደፈኑት ቀዳዳዎች ላይ አስኬደች። «አንቺ ያኔ እዚያ ግቢ ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ጎማውን ስታዪ አይቼሻለሁ።»

ይቅር በዪኝ ልላት አስቤ ነበር፤ ለማን ብላ ይቅር ትለኛለች? ለሞተችው ሴት? ለአባቷ?

በዚህ መሐል ከደጅ የአው ሙሜ ሳልና የከዘራቸው ድምፅ ተሰማ። ወደ ጓዳው እየመጡ ነው። ረውዳ ቀና አለች። ከትከሻዬ ነጠላዬን ሳብ አደረገችና ቱቦው ላይ ጣለችው።

አው ሙሜ በሩን ይዘው ቆሙ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሆኖም ለዩኝ።

«የጋራዋ ልጅ ናት?» አሉ። «እህ… ዘከሪያ ጥሎን ሄደ። ያ የሠራሁለት ጆሮውስ? አሁንም ይሠራል?»

የሚቀድመኝ አልነበረም። አፌን ከፈትኩ።

«ይሠራል አባ ሙሜ» አለች ረውዳ። «እየሠራ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው። ሌላ ሰው እጃቸውን ይዞ መለሳቸው።

ረውዳ የከዘራው ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች። ነጠላዬን አንሥታ ሰጠችኝ። ቱቦውንም በአረንጓዴው ጨርቅ መልሳ ጠቀለለችው፣ ቀስ ብላ፣ ልክ አባቷ እንደሚጠቀልሉት ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋ። ከዚያ ፊቴን ሳታይ እጄ ላይ አኖረችው።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለችኝ። «እዚህ ያየዋል።»